የቆመው ደን ይቅደም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ባሕር ወፎች ባወጣችሁት ጽሑፍ አቦት ቡቢ በአንድ መስመር መታለፉ ቆጭቶኛል። ይህ ወፍ ዛሬ የሚራባው በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው፣ በአውስትራሊያ ሥር ባለችው የገና ደሴት ብቻ ነው፤ ያውም በረጃጅም ዛፎች አናት ላይ። የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው፣ ጫጩቱን ለማሳደግም ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለፎስፌት ማዕድን ሲባል ደኑ ሲመነጠር ጉዳቱ በተቆረጠው ዛፍ አያበቃም። በገላጣው ቦታ የሚነሣው የነፋስ ሽክርክሪት ዳር የቀሩትን ጎጆዎች ያናውጣል፤ ጫካው ውስጥ መሬት የወደቀ ወፍ ደግሞ ተነሥቶ መብረር ስለሚያቅተው በረኃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ብሔራዊ ፓርክ መከለሉ ትልቅ ነገር ነው። በተመነጠረው መሬት ላይ ችግኝ መተከሉም ያስመሰግናል፤ ጎጆ የሚሸከም ዛፍ እስኪሆን ግን አሥርት ዓመታት ይወስዳል። እባካችሁ ይህን በሰፊው ጻፉበት።

አክባሪ አንባቢያችሁ