ማሂዬ፣ ናቲ ልክ ነው

ማሂዬ እንዴት ነሽልኝ? ናቲስ? ትንሿስ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ድንገት ረጅም ደብዳቤ ስልክልሽ "ማን ሞተ?" ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ እማዬም ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት፣ ሁሌ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች" ትለኛለች። የኔን መጥፋት መቼም ታውቂዋለሽ፣ ማተሚያ ቤቱ ፋታ አይሰጥም፣ ደሞ ያ የላክሽው ቮይስ በሁለት መስመር ቴክስት ሚመለስ ስላልነበረ ሲንከባለል ሲንከባለል እዚህ ደረሰ። በቃ ዛሬ ቁጭ ብያለሁ፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ።

ያልሽኝ እንዲህ ነበር፣ ናቲ ለሃሎዊን ስፓይደርማን ልሁን ሲል አንዱ የክፍሉ ልጅ "ስፓይደርማን እኮ ጥቁር አይደለም" ብሎት እያለቀሰ መጣ፣ አንቺም "ካርቱን ነው እርሳው" አልሽው፣ ከዛ ለኔ ደሞ "ግን ምናለ የነጩን እየወሰዱ ጥቁር ከሚያደርጉት የራሳቸውን አዲስ ጀግና ቢፈጥሩ" አልሽ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

የናቲ ቀላል ነው። ማይልስ ሞራለስ ሚባል የብሩክሊን ልጅ አለ፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ እናቱ ፖርቶ ሪካዊ፣ ከ2011 ጀምሮ ኮሚኩ (በስዕል ታሪክ ሚነግረው መጽሔት) ላይ ስፓይደርማን ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፍልሽ)፣ በ2018 የወጣው አኒሜሽን ፊልሙ ደሞ ኦስካር ወስዷል። ስለዚህ የተሳሳተው ያ የክፍሉ ልጅ ነው፣ ንገሪው፣ አለቀ።

ያንቺ ግን... ፈጥረዋል እኮ ማሂ! በ1947 ፊላደልፊያ ውስጥ ኦሪን ኢቫንስ ሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ ጸሐፊውም ሰዓሊውም ጥቁር የሆነ ኮሚክ አሳተመ፣ ውስጡ መርማሪ አለ፣ አፍሪካ ተልኮ ሚሰራ ወጣት ሳይንቲስት ጀግና አለ። ሁለተኛው እትም ተሰናድቶ ሳለ ወረቀት ሻጮቹ አንሸጥልህም አሉት፣ አንድ እትም ላይ ቀረ። እኔ መቼም በዚህ ስራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ወረቀት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው አይነግረኝም፣ ሳንሱርም ፖሊስም አያስፈልግም፣ ነጋዴው "የለም" ካለሽ የለሽም። ይሄን ሳነብ ነው እንግዲህ "የራሳቸውን ቢፈጥሩ" ያልሽው ነገር ደሜን ያፈላው፣ በፍቅር ነው ታውቂያለሽ።

ሳንሱር ካልሽም ነበረላቸው። በ1953 የወጣች አንዲት አጭር የኮሚክ ታሪክ አለች፣ ከመሬት የተላከ የጠፈር ሰው ሮቦቶች ወደሚኖሩባት ፕላኔት ይሄዳል፣ ጋላክሲው ሪፐብሊክ ውስጥ ለመግባት ደርሳችኋል ወይ ብሎ ሊፈትሻቸው። ብርቱካንማዎቹ ሮቦቶች ጥሩ ጥሩውን ይዘዋል ሰማያዊዎቹ ተገፍተዋል፣ ተከፍተው ሲታዩ ውስጣቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ የላዩ ቆርቆሮ ብቻ። "ገና ናችሁ" ብሏቸው ይመለሳል፣ መጨረሻዋ ስዕል ላይ መንኮራኩሩ ውስጥ ሄልሜቱን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ላቡ ያብረቀርቃል። በ1956 ድጋሚ ሊያትሟት ሲሉ በመሀል የተቋቋመው የኮሚክ ሳንሱር ቢሮ "ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም" አለ። አስቢው እስቲ፣ ታሪኩ ሙሉ ስለዚሁ ሆኖ ሳለ! አሳታሚው ቢል ጌይንስ አሻፈረኝ ብሎ እንዳለች አወጣት፣ ያ እትም የድርጅቱ የመጨረሻ ኮሚክ ሆነ።

ቆይ አንድ የሙያ ወሬ ልጨምርልሽ፣ ይሄን ካንቺ በቀር ሚሰማኝ የለም። የድሮ ኮሚክ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም ነበር ሚታተመው፣ የነጭ ቆዳ ለማውጣት ፈዘዝ ያለ ማጀንታ (ሮዝማ ቀይ) እና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይበቃል፣ ቡናማ ግን ሳያኑም (ሰማያዊው ቀለም) ተጨምሮ ሶስቱ መደራረብ አለባቸው፣ ያ ወረቀት ደሞ ቀለም ይጠጣል፣ ይጨቀያል፣ እና ጥቁር ሰው ብዙ ጊዜ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነው ሚወጣው። ይሄ የቴክኒክ ችግር ነው ምናምን ይሉሻል። እሺ፣ ግን በ1962 ሀልክ ሚባለው ጭራቅ ሲጀምር ግራጫ ነበር፣ ግራጫው እንዳንድ ሆኖ አልወጣ ብሎ ስላስቸገራቸው በሁለተኛው እትም አረንጓዴ አደረጉት። ለጭራቁ በአንድ እትም መላ ተገኘለት፣ ሰው ግን ለብዙ ዓመት በአመዱ ቆየ፣ ቸኩሎ የሚያስተካክል አልነበረማ።

ስድሳዎቹ ላይ በሩ ተከፈተ ትያለሽ፣ ተከፈተ፣ ግን ሚገባው ሁሉ ወይ ከጫካ ወይ ከእስር ቤት መምጣት ነበረበት። ብላክ ፓንተር በ1966 ሲመጣ ንጉስ ነው፣ ሳይንቲስት ነው፣ ሀገሩ ከሁሉም የሰለጠነች ናት፣ ጥሩ፣ በ1973 የራሱን ረጅም ታሪክ ሲሰጡት ግን ያስገቡት "ጃንግል አክሽን" ሚባል ከዛ በፊት የነጭ ጫካ ጀግኖችን አሮጌ ታሪክ እየደገመ ሲያትም የነበረ መጽሔት ውስጥ ነው። ሉክ ኬጅ በ1972 በራሱ ስም መጽሔት ሲከፈትለት ታሪኩ ሚጀምረው ያለጥፋቱ ታስሮ ነው። ከሁሉ ሚገርመኝ ግን ፋልከን ነው፣ በ1969 ሲመጣ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሱፐርሂሮ ነበር፣ ሰፈሩን ሃርለምን ሚወድ ጨዋ ሰው፣ በ1975 ድንገት ታሪኩን ገለበጡትና "ድሮ ወሮበላ ነበር፣ ጨዋነቱን የካፕቴን አሜሪካ ጠላት በምትሃት የሰራለት ነው" አሉ። ገባሽ? መብረሩ አላስጨነቃቸውም፣ ማንም ሳይሰራው በራሱ ጊዜ ጨዋ መሆኑ ነው አልታመን ያላቸው።

ለዚህ ነው እኔ ብዕሩና ወረቀቱ በማን እጅ ነው ምለው። በ1993 ድዌይን ማክዳፊ ሚባል ጥቁር የኮሚክ ጸሐፊና ጓደኞቹ ማይልስቶን ሚባል የኮሚክ ድርጅት አቋቋሙ፣ ትልቁ ኩባንያ ዲሲ አትሞ ያከፋፍልላቸው እንጂ ገፀ ባህሪዎቹ የራሳቸው ንብረት ሆነው ነው የቀሩት። ማክዳፊ ቀልደኛ ነበር፣ ከዛ በፊት ማርቭል (የስፓይደርማን አሳታሚ) ቤት ኤዲተር እያለ ጥቁር ጀግኖቻቸው ላይ ስኬትቦርድ መብዛቱን አይቶ በስኬትቦርድ ስለሚሄዱ ጥቁር ኒንጃዎች የውሸት ፕሮፖዛል ጽፎ ለአለቆቹ ላከ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነው ያነበብኩት። ማይልስቶን ላይ ጥቁሩ ሀብታም አለ፣ ወግ አጥባቂ አለ፣ የሰፈር ልጅ አለ፣ ማንም ለዘሩ ሁሉ ጠበቃ እንዲሆን አይገደድም፣ ቆዳቸውም ቀለም በቀለም ይለያያል። ግን ኮሚኮቹ በ1997 አካባቢ ቆሙ። እንግዲህ "ለምን የነጩን ይወስዳሉ" ላልሽው መልሴ እዚህ ጋ ነው፣ ሱፐርማን 1938፣ ባትማን 1939፣ ካፕቴን አሜሪካ 1941፣ ስፓይደርማን 1962፣ ትልልቆቹ ስሞች ሁሉ በሩ ዝግ በነበረበት ዘመን ነው የተያዙት፣ ገበያው ደሞ ሚገዛው ስም ነው። እውነቱን ንገረኝ ካልሽ እኔም ከውርስ ስም ማይልስቶን ይሻለኛል፣ ግን ናቲን ለመርህ ብዬ ጭምብሉን አውልቅ አልለውም።

ደሞ ከውርሱ ጥሩ ነገር ወጥቶ ያውቃል። በ2003 የወጣ ኮሚክ አለ፣ ካፕቴን አሜሪካን ጀግና ያደረገውን መድኃኒት መንግስት እንደገና ለማግኘት ጥቁር ወታደሮች ላይ ይሞክረዋል፣ አብዛኞቹ ያልቃሉ፣ ተርፎ የተዋጋው አይዛያ ብራድሊ ሽልማቱ እስር ቤት ነው። ይሄ ከሜዳ የተፈጠረ እንዳይመስልሽ፣ ተስኪጊ አላባማ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 የመንግስት ጤና ሰዎች ቂጥኝ ያለባቸውን 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች ህክምና እየነፈጉ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ይመዘግቡ ነበር፣ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም ጭምር። ኮሚኩ ሲወጣ ካፕቴናችንን አረከሳችሁት ብለው የጮኹ ነበሩ። ናቲ ግን አሁን አያንብበው፣ ልጁ ገና ነው።

ስለ ዋካንዳ፣ ስለ ብላክ ፓንተር ሀገር፣ ሳላነሳ ብቀር ትቀየሚኛለሽ። 2018 ላይ ፊልሙ እዚህ ሲኒማ ቤት ሲታይ ሰው ያጨበጨበውን ብታይ፣ "ያልተገዛች ሀገር፣ እኛ እኮ ነን" ምናምን ሲባል ነበር። ምክር ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ አረንጓዴ የከንፈር ሳህን ያደረገው ሽማግሌ ትዝ ይልሻል? ከኛው ከሙርሲና ከሱሪ ብሔረሰቦች ነው የወሰዱት፣ እዛ ሳህኑን ሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው እንጂ ወንዶቹ አይደሉም፣ ይሁን። ግን እኔ ስንት የቱሪዝም ካላንደርና ፖስትካርድ ነው በእጄ ያተምኩት፣ ሁሌ ሙርሲ ማለት ፊት ለፊት ተነስቶ ሚሸጥ ፎቶ ነው፣ ስም የለው፣ ሀሳብ የለው። ንጉስ ፊት ተቀምጦ ምክር ሲሰጥ የሳለው ሆሊውድ ሆነ። እዛ አዳራሽ ውስጥ ከሚያጨበጭበው ሰው ስንቱ ነው ሲወጣ ስለነሱ ሚቀልደው፣ ይሄንን ለፈረንጅ አሳልፈን ልንሰጠው አንችልም፣ የኛ ነው።

ስለዚህ ደሞ ናቲን "አንተ ሀበሻ ነህ፣ ይሄ ያንተ ጣጣ አይደለም" እንዳትዪው እባክሽ፣ እትዬ እንደዛ ሊሉት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ያ የክፍሉ ልጅ ዘሩን ቆጥሮ አልከለከለውም፣ አይቶት ነው።

ስለኛ ሀገር ጀግና የተሰራ "ጀምበር" ሚባል የሱፐርሂሮ ኮሚክ አለ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፣ ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ስራ ሚፈልግ ተመራቂ ነው፣ ኃይሉ ቀርቶ ስራ ማግኘቱ በራሱ ተአምር ነው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ወደዛ ሚመጣ ሰው ካለ የአማርኛውን እልክለታለሁ፣ ፊደሉንም ይለማመድበት። አድራሻሽ ያው የድሮው ነው ወይስ ቤት ቀየራችሁ? ለትንሿስ ምን ልላክ፣ ምን እንደምትወድ እንኳን አልነገርሽኝም። ስልክሽን ክፈቺና ደውዪ፣ ማታ ማታ ከስራ በኋላ አለሁ።

ያንቺው
ዳኒ