ልጅህ ሒሳብ ትማር ወይስ ስታቲስቲክስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችን ያሳዝነኛል። ልጅህ ፍሬሽማንን ልትጨርስ እንደተቃረበችና ከሒሳብና ከስታቲስቲክስ አንዱን ለመምረጥ እንዳሰበች ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዘመድ አዝማዱ «ይህን ተምራ ምን ልትሆን ነው?» እያለ ሐሳቧን እንዳያስለውጣት ሰግቼ ይህን ጻፍኩልህ።

እንደ ካናዳው ማክማስተር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ክፍል ሥር ይሰጣሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን ለየብቻ የቆሙ ክፍሎች ናቸው። በእኔ እምነት አንድ ላይ መሆናቸው ይሻላል፤ ምክንያቱም ካልኩለስና ሊኒየር አልጀብራ የጎደለው ስታቲስቲክስ የቀመር ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል።

በሒሳብ ክፍል ተማሪው የሚለየው ሪል አናሊሲስ፣ ማለትም የካልኩለስን ሐሳቦች ከሥር መሠረታቸው የሚያረጋግጠው ትምህርት፣ ሲጀመር ነው። እስከዚያ ማስላት ይበቃው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ሳይቆራረጥ የሚሄድ ፈንክሽን አንድ ቦታ ላይ ከዜሮ በታች፣ ሌላ ቦታ ላይ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ በመካከሉ ዜሮን ማለፉ ለዓይን ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን የቁጥርን ካሬ ወስዶ 2 የሚቀንስ ፈንክሽን በ1 ላይ ከዜሮ በታች፣ በ2 ላይ ከዜሮ በላይ ቢሆንም፣ ካሬው 2 የሚሆን ክፍልፋይ ቁጥር ስለሌለ፣ በክፍልፋዮች ብቻ ብንወሰን ይህ ግልጽ የመሰለን ነገር ሐሰት ይሆናል፤ እውነት የሚሆነው የቁጥር መስመሩ ክፍተት የሌለው በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ስትደርስበት ልቧ የሚሞቅ ከሆነ ሒሳብን ትምረጥ፤ ማንም አያስቀራት።

ስታቲስቲክስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። በትክክል በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ስለ ሚሊዮኖች አስተያየት ወደ 3 በመቶ በሚጠጋ የስህተት ልክ ሊነግሩን ይችላሉ፤ አመራረጡ ከተዛባ ግን 100,000 ሰው ብንጠይቅም ላያድነን ይችላል። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ሕዝባችን የተቆጠረው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጨረሻው ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ስለ ብዛታችን የሚነገረው ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነው፤ የክትባቱና የትምህርት ቤቱ ዕቅድም በዚሁ ግምት ይሠራል። ያን ግምት በኃላፊነት የሚያወጣ ሰው በብርቱ ያስፈልገናል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚጠብቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኮርሶች በጥድፊያ እንዳታልፋቸው አደራ በላት። ሒሳብን ከመረጠች ፕሮባቢሊቲና ፕሮግራሚንግ ትጨምርበት፤ ስታቲስቲክስን ከመረጠች አናሊሲስን አትሽሽ፤ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ስታስብ ሁለቱም ይፈለጋሉ።

በፍሬሽማን ከወሰደቻቸው ኮርሶች የትኛው እንዳስደሰታት ጠይቀህ በቶሎ ጻፍልኝ፤ ብትፈልግ እኔው ራሴ በስልክ አነጋግራታለሁ።

አክባሪ ወንድምህ