ሁለት ዓመት ያቆየሁት ደብዳቤ

ሆዴ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? አሁንም ሌሊት ሽፍት ነው የምትሠሪው? ይሄን ደብዳቤ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ ያላነሳሁት፣ ቮይስ ስትልኪልኝ ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

እማዬ ያረፈች ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውለሽ "አይዞሽ፣ ለበጎ ነው" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ምንም አላጠፋሽም እኮ፣ ድንኳኑ ውስጥ የገባ ሁሉ ያንኑ ነበር የሚለኝ፣ ከሌላው ስሰማው ባንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር፣ ካንቺ ስሰማው ግን ውስጤ ተቃጠለ። ምኑ ነው በጎው አልኩ፣ ስልኩን ዘጋሁት፣ ከዛች ቀን ጀምሮ ካንቺም ከእግዚአብሔርም ተኳረፍኩ።

የኩላሊቷን ነገር ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። እጥበቱ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ ነበር፣ አንዴ ማሽኑ ላይ ከተኛች አራት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ማሽኑን ተዉትና ጸበል ውሰዷት ሲለን የንስሐ አባታችን ናቸው "ጸበሉም አለ፣ እጥበቱንም እንዳታቋርጡ፣ ሐኪሙንም የሰጠን እሱ ነው" ያሉት፣ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፣ በዚህ ነገር ስንት ሰው እንደሚጎዳ አንቺም ታውቂያለሽ። ውሃ በልክ ስለተባለች ጸበሉን በሻይ ማንኪያ ነበር የምትቀምሰው፣ አንዲት ማንኪያ፣ አይኗን ጨፍና።

ዳዊት ሳትደግም ደሞ ውላ አታውቅም፣ የቀን የቀኑን፣ ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ አርብ ከ111 እስከ 130። አንዱ እጇ መርፌ አለበት፣ አይኗም ደክሟል፣ ስለዚህ የማነብላት እኔ ነበርኩ፣ ያቺን የጧፍ ጠብታ ዳር ዳሯን ያጠነከራትን ዳዊቷን ይዤ፣ ማሽኑ ጥዝዝ እያለ። እውነቱን ልንገርሽ ልቤ እዛ አልነበረም፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ነበር የምሮጠው፣ እሷ ደሞ "ቀስ በይ ልጄ፣ ማንም አያባርርሽም" ትለኛለች።

ያረፈችው ማክሰኞ ሌሊት ነው። ዳዊቷን በነጠላዋ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ቤተ ክርስቲያንም ለአርባዋና ለሙት ዓመቷ ካልሆነ አልረገጥኩም። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አይኔ ይፈጣል፣ እስኪነጋ ጣራ ማየት ነው።

ዓምና ሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ መብራት ጠፋ፣ ጧፍ ፍለጋ ሳጥኗን ከፈትኩ፣ ነጠላውን ስስበው ዳዊቷ ወደቀች። ቀይ ክሯ ውስጧ እንዳለ ነው። የመጨረሻዋ ሰኞ ደክሟት "ዛሬ ይብቃን" ያለችኝ ቦታ ላይ፣ 12 ላይ (መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ 13 ነው)። ጧፉን አበራሁና ቆሜ አነበብኩት፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ እስከ መቼ ፊትህን ከኔ ትሰውራለህ ነው የሚለው።

ሆዴ፣ እኔ እኮ እንዲህ ማለት ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። ድፍረት ነው ብዬ ነው አፌን ዘግቼ ያኮረፍኩት፣ ዳዊት ግን እየጮኸ ይነግረዋል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ያንን ጩኸት በየሳምንቱ ሰኞ ጸልዩበት ብላ ሰጥታናለች። ጌታችን መስቀል ላይ "አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ" ያለውም የመዝሙር 21 ቃል ነው፣ እሱም የሰኞ ነው። እማዬ ማሽኑ ላይ ተኝታ ሰኞ በመጣ ቁጥር ይሄንን ስትሰማ ነበር፣ ያነበብኩላት እኔው ነኝ፣ ያልሰማሁትም እኔው። ካቆምንበት ጀምሬ እስከ 30 ቀስ ብዬ ጨረስኩላት፣ አለቀስኩ አለቀስኩና ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው የነቃሁት፣ ሥራም አረፈድኩ።

ሐዘኑ ጠፋልኝ አልልሽም፣ ጎመን ስገዛ ሁላ ትመጣብኛለች። ለምን የሚለውም ጥያቄ እንዳለ ነው፣ ብቻ አሁን የምጠይቀው አምላክ አለኝ፣ እሱ ያሳርፈኛል፣ ሌላ እንዴት ብዬ እንደምገልጽልሽ አላውቅም። ካንቺ ጋ መታረቅ ነው የከበደኝ፣ በቆየ ቁጥር እያፈርኩ አንድ ዓመት ጨመርኩበት።

አሁን ፍልሰታ ነው። ጠዋት ጠዋት ልደታ እሄዳለሁ፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ አለ፣ ነሐሴ እንደምታውቂው ነው፣ ጃንጥላ በጃንጥላ ነው ግቢው፣ ነጠላዬ ረጥቦ ነው የምመለሰው። ሕፃናቱ ሊቆርቡ ሲሰለፉ ስታያቸው አንቺና እኔ ነው የሚመስሉት፣ እናትሽ ከኋላ እየገፋችን፣ አንቺ ጫማሽን በቀኝና በግራ አቀያይረሽ አድርገሽ።

ነገ አርብ ነው፣ 120 ላይ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" የሚለው ጋ ስደርስ ስምሽን እጠራለሁ፣ ልጆችሽንም። ጾሙ ሲፈታ፣ በ16፣ እደውልልሻለሁ፣ እዚህ ማታ ሲሆን እናንተ ጋ ቀን ነው አይደል፣ ከሽፍት ገብተሽ ተኝተሽ ከሆነ ግን እንዳትነሺ፣ ስትነቂ መልሰሽ ደውዪልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት አነሳዋለሁ።