ትንሿን ባቡር በፍጥነቷ አትመዝኗት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ባቡር ሞዴሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እህቴ ከድሬዳዋ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝና እዚህ ኑርንበርግ ሆኜ አነበብኩት። በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ ነገር ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነውና በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው ጥሩ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የምትጎትተው ሞተር ያላት ክፍል) ማለት መታጠፊያ ላይ ሳትወድቅ በፍጥነት የምትሮጠው ናት ብሏል። ይህን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ሎኮሞቲቭ የምትፈተነው ስትሮጥ ሳይሆን ስታዘግም ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ነጂ ነበሩ፤ ያደግነውም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ነው። ጎበዝ ነጂ የሚታወቀው ሲነሣና ሲቆም ነው ይሉን ነበር። ያልሠለጠነ ሰው ሲያስነሣው ማያያዣዎቹ ከፊተኛው ፉርጎ እስከ ኋለኛው ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያሉ ይላተማሉ። አባቴ ሲያስነሡት ግን ጓዛቸው ላይ ጋደም ብለው እንቅልፍ የወሰዳቸው ነጋዴ ሴቶች አይነቁም ነበር። በዚህ በጣም ይኮሩ ነበር። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ የምፈልገው ያንኑ አነሣስ ነው።

በትንንሾቹ ላይ ይህ እጅግ ከባድ የሆነበት ምክንያት አለ። እኔ የምሠራው «ኤን» በሚባለው መጠን፣ በ1 ለ160 ነው። ርዝመቷም ስፋቷም ቁመቷም ለ160 ስለሚካፈል፣ ክብደቷ የሚካፈለው ከ4 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ቁጥር ነው። 80 ቶን የምትመዝን ሎኮሞቲቭ በዚህ ስሌት ወደ 20 ግራም ትወርዳለች። ፋብሪካዎች ሆዷን በብረት ስለሚሞሉት ከዚህ ትከብዳለች፤ ቢሆንም ከአንድ ብርቱካን አትበልጥም። ኤሌክትሪኩን የምታገኘው በጎማዎቿ በኩል ከሐዲዱ ነው፤ ክብደት ስለሌላት ጎማዋ ሐዲዱን አጥብቆ አይጫንም። ስለዚህ ዓይን የማያየው አቧራ ያቆማታል። ትልቁ ባቡር ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ በክብደቱ ብቻ ረጅም መንገድ ይንከባለላል፤ ትንሿ መብራቱ በተቋረጠበት ቅጽበት ባለችበት ትደርቃለች። ለዚህ ነው ጥሩ ሠሪዎች ከሞተሩ ዘንግ ላይ ቮላኖ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥም በክብደቱ መሽከርከሩን የሚቀጥል ክብ ብረት የሚገጥሙላት። በፍጥነት ስትሮጥ እነዚህ ጉድለቶች ሁሉ ይሸፈናሉ፤ ስታዘግም ነው አንድ በአንድ የሚወጡት።

እኔ የምፈትናት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጎማዎቿን አጸዳና ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ አስኬዳታለሁ፤ ሳጥን ውስጥ የከረመች ግራሷ ስለሚደርቅ ሳትሞቅ መፍረድ ግፍ ነው። ከዚያ ልክ 1 ሜትር ለክቼ ሐዲዱ ላይ ሁለት ምልክት አደርጋለሁ፤ ሰዓትም እይዛለሁ። በዚህ መጠን 576ን አንድ ሜትሩ በፈጀው ሰከንድ ብታካፍሉት የእውነተኛውን ባቡር ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣችኋል። በ9.6 ሰከንድ ከጨረሰች 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ባዛር ላይ ሰው አጨብጭቦ የሚያደንቃት በ2 ሰከንድ የምትጨርሰዋ ግን በ288 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው፤ ተራ የጭነት ባቡር እንዲህ አይሮጥም። እኔ የምፈልገው 115 ሰከንድ ነው። ይህ የሰው እርምጃ ነው፣ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ሳትቆም፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ስትደርስ መብራቷ እንኳ ሳይጠፋ መሄድ አለባት።

ቮልቱን ከዜሮ ጀምሬ በጣም በቀስታ ስጨምር እንዴት እንደምትነሣም አያለሁ። ደህናዋ መነሣቷ ሳይታወቅ ትነሣለች። መጥፎዋ ዝም ትልና ዝም ትልና ድንገት ትፈናጠራለች፤ ያኔ የአባቴ ጓ ጓ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ከአንድ ሻጭ ያገለገለች ገዛሁ። በጣም ጥሩ ትሄዳለች ብሎ እፊቴ አስሮጣት፤ እውነትም እንደ ጥይት ነበረች። ቤት ወስጄ በዝግታ ስሞክራት ታነክሳለች። ማነከስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ይህን ጸሐፊያችሁ ቢያውቅልኝ እወዳለሁ። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ የምትደናቀፍ ከሆነ ቆሻሻ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ይቆራረጣል። በእኩል ርቀት የምታነክስ ከሆነ ግን ችግሩ ከሚሽከረከር ነገር ላይ ነው። አንዱ ጎማ ላይ ነጭ ቀለም በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጩ ነጥብ ወደ ታች በዞረ ቁጥር ታነክሳለች። ፈታኋት። ከዘንጉ ማርሽ ጥርሶች መሐል አንዲት ደረቅ የአሸዋ ፍሬ ተጣብቃ ነበር፤ በዚያው መርፌ አወጣኋት። ከዚያ በኋላ 115 ሰከንዷን በሚገባ ሄደች። ያን ዕለት ያለቀስኩት በደስታ ነው።

ስንት ፉርጎ ትጎትታለች የሚለው ቀላል ነው፤ እየጨመሩ መቁጠር ነው። ጎማዋ ላይ ላስቲክ ያላት የበለጠ ትጎትታለች፣ ነገር ግን ላስቲክ የለበሰው ጎማ ኤሌክትሪክ አይወስድም፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ያገኙትን በሌላው ይከፍላሉ። ድምፅም ልብ ይሏል፦ እኩል የሆነ ዝምዝምታ ደህና ነው፣ መፍጨት ሲሰማ ማቆም ነው።

ይህን ሁሉ የማስቸግርበት ምክንያት አለኝ። የድሮው የጅቡቲ መስመራችን ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለ160 ሲካፈል 6.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1972 በአውሮፓ አቆጣጠር «ዜድ» የሚባለው ከኤን የሚያንሰው መጠን ገበያ ላይ ሲወጣ የሐዲዱ ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከእኛው ሐዲድ ጋር ለጥቂት ነው የሚለያዩት። የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሲካፈል 9 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ያ ተራው የኤን ሐዲድ ነው፤ እሱን መሥራት ለሚፈልግ አይቸግርም። እኔ ግን የማውቀውን ነው የምሠራው። አካሉን በ1 ለ160 ከናስ ቆርጬ ከዜድ ሞተርና ጎማ ላይ እያስቀመጥኩ፣ አባቴ የነዱትን ዲዝል እየሠራሁ ነው። ያቺ አሸዋ የነበረባት የዜድ ሎኮሞቲቭ ሞተሯን የሰጠችው ለዚህ ነው።

አሁን የቀረኝ አንድ ቁጥር ነው፤ አባቴ አርፈዋል፣ አልጠየቅኋቸውም። የመንገደኛው ባቡር ከድሬዳዋ ጣቢያ ሲወጣ የመጨረሻውን ሐዲድ መቀየሪያ እስኪያልፍ ድረስ በስንት ኪሎ ሜትር ነበር እንዲሄድ የሚፈቀድለት? ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ጡረተኛ ነጂዎች ወይም የጣቢያ ሠራተኞች ካሉ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢጽፉልኝ፣ 576ን ለእሱ አካፍዬ ሰዓቴን በዚያ ልክ እይዛለሁ።

የከዚራ ልጅ፣
ከኑርንበርግ፣ ጀርመን