ስለ ኤቢኤስ ፍሬን ምርመራ

ክቡር አዘጋጅ፣

እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራችው ቶዮታ ሴሊካዬ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ማስጠንቀቂያ መብራቷ አልጠፋ ቢል፣ የወሰድኳት ጋራዥ መካኒክ አንዳች ሳይለካ ውዱ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ይቀየር ብሎ ፈረደብኝ። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ግን በምርመራ ሶኬታቸው ላይ ቲሲና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ለከፈተ ሰው፣ መብራቱ ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ የብልሽቱን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ የጠቆመው የፊት ቀኝ ጎማ የፍጥነት ሴንሰርን ነበር፤ ጎማውን ፈትቼ ሳየው ማግኔታማ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ እንደ ጢም ተጣብቋል፣ ሽቦውም መሪ ሲዞር በሚታጠፍበት ቦታ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። መደበኛው ፍሬን መሥራቱን አላቋረጠም፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ድንገት ሲረገጥ ግን ጎማውን ከመቆለፍ የሚያድነው የለም። ጋራዦች ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት ሽቦውን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለክተው ውጤቱን ለባለንብረቱ ያሳዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ