ስላይዱ ካልቀለመ ሚውቴሽን የለም ማለት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳንባ ካንሰር ምርመራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። አንቲቦዲው (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው ማቅለሚያችን) ካልቀለመ ታማሚው ሚውቴሽን፣ ማለትም የጂን ለውጥ፣ የለበትም ትላለች። እንጀራዬ እሱው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብሎክ (ሰም ውስጥ የተቀበረ የታማሚ ናሙና) ስቆርጥና ስላይድ ሳቀልም እውላለሁ። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ሚውቴሽኑ የሚፈለግበት ኢጂኤፍአር በሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። 1210 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች) አሉት። 858ኛዋ ብቻ ስትቀየር ተቀባዩ ማንም ሳያዘው ሴሉን ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ይወተውተዋል። 43ቢ2 የሚባለው የጥንቸል አንቲቦዲ ይህቺኑ ለውጥ ለይቶ ይይዛል፤ ጤነኛውን ፕሮቲን አልፎት ይሄዳል። ሲሳካ የካንሰሩ ሴሎች ቡኒ ይሆናሉ፤ የጎረቤቶቻቸው ኒውክለስ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ስንቴ አይቼው አሁንም ደስ ይለኛል።

ጣጣው ያለው ወንድምየው፣ 6ቢ6 የሚባለው አንቲቦዲ ላይ ነው። እሱ የተሠራው የጂኑ አንድ ክፍል በሆነው ኤክሶን 19 ላይ ከ746 እስከ 750 ያሉት አምስት አሚኖ አሲዶች ለጠፉበት ፕሮቲን ነው። በርግጥ ከጉድለቶቹ ሁሉ የሚበዛው ይኸኛው ነው። ግን ሁልጊዜ እዚያው ላይ አይጎድልም። ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ካለ አንቲቦዲው ደብዘዝ ብሎ ይቀልማል፣ አለዚያም ጭራሽ አያየውም። ኤክሶን 20 ላይ የሚጨመሩትን አሚኖ አሲዶችማ ሁለቱም አያውቋቸውም።

ምርመራው ይቅር አላልኩም። ባዮፕሲዋ (ከዕጢው የተወሰደችው ናሙና) ከሩዝ ፍሬ አንሳ ለጂን ምርመራ የሚበቃ ሴል ሲጠፋ የሚያወጣን ይኸው ስላይድ ነው። ውጤቱም ቶሎ ይደርሳል። ጥርት ያለ ቡኒ ከመጣ የጂን ምርመራውም አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ይላል። ካልመጣ ግን ሪፖርቱ ላይ «ለጂን ምርመራ ይላክ» የምትል መስመር ትግባ።

ባለፈው ወር አንዲት ዘመዴ የአባቷን ሪፖርት ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ኔጌቲቭ ነው፣ ኪኒኑ አይሆነውም ተባልን» አለችኝ፤ ይህን የተቀየረ ተቀባይ የሚያግደውን ኪኒን ማለቷ ነው። የተሠሩት እነዚሁ ሁለት አንቲቦዲዎች ብቻ ነበሩ።

«ብሎኩስ የት ነው?» አልኳት።

ለካ ከሪፖርቱ ጋር በፌስታል ሰጥተዋቸው ኖሯል። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ሊጥሉት ነበር። እንዳትጥሉት ብያለሁ። አንባቢዎቻችሁም ቤታቸው ካለ አይጣሉት፤ ዲኤንኤው የሚነበበው ከእሱ ነው።

የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣
ከሜሪላንድ