«እንዴት አይሰለችሽም?» ላልሽኝ

ለውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ቤተሰቡስ እንዴት ከረመ? ዝምታችን ረዘመ። ቂም የለ፣ ኩርፊያ የለ፤ ዛሬ ነገ ስንባባል ጊዜው ሄደ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ። ናፍቆትሽ ግን በርትቶብኛል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ሳይገርምሽ አይቀርም። ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ሃሎዊን» የተባለ አስፈሪ ፊልም እንደገና አየሁት። ሲያልቅ የድሮ ጥያቄሽ ትዝ አለኝ። «አንድ ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ፣ አንድ ቢላ፣ የሚሯሯጡ ልጆች። ሁሌም ያው ነው። እንዴት አይሰለችሽም?» ብለሽኝ ነበር። ያኔ ጨዋታው በሌላ ጨዋታ ተቋረጠ። ዛሬ ልመልስልሽ።

ያው መሆኑ እኮ ነው የሚስበን። ልጅ የሚያውቀውን ተረት «ድገሚልኝ» ይላል አይደል? የስላሸር ፊልም፣ ማለትም አንድ ገዳይ ሰዎችን በየተራ የሚያድንበት አስፈሪ ፊልም፣ አፍቃሪም እንደዚያ ነው። ገዳይ እንዳለ እናውቃለን። ልጆቹ አንድ በአንድ እንደሚያልቁም እናውቃለን። የማናውቀው መቼና ከየት እንደሚመጣ ነው። ስለዚህ ዓይናችን መሃል ላይ አያርፍም። ጥጉን እናያለን። በሩን፣ መስኮቱን፣ ከሰው ጀርባ ያለውን ጨለማ እንቃኛለን። ዳይሬክተሩ ወዴት እንደምናይ ያውቃል፤ ባላሰብነው በኩል ይመጣብናል። እንዲህ ነቅተሽ የምታዪው ሌላ ዓይነት ፊልም ብዙ የለም።

አንድ ቦታ ልንገርሽ። ሎሪ የምትባለዋ ልጅ የጓደኞቿን ሬሳ አግኝታ፣ እያለቀሰች ከክፍሉ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ከጎኗ በሩ ክፍት ነው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከዚያ ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ነጭ ፊት ብቅ ይላል። ጭንብል ያጠለቀው ገዳይ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ድሮውንም እዚያ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ዲን ከንዲ ያደረገው ነገር ቢኖር ጭንብሉ ላይ ያነጣጠረችን ትንሽ መብራት በዝግታ ማብራት ብቻ ነው። ስንቴ አይቼዋለሁ፣ አሁንም ክው እላለሁ።

ቀን ላይ የሚታየው ደግሞ ይብሳል። ሎሪ በመኝታ ቤቷ መስኮት ወደ ጓሮ ታያለች። ገዳዩ ከተሰጣው ልብስ መሃል ቆሞ ያያታል። መልሳ ስታይ የለም። ፀሐይ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ደም የለም። በእርግጥ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ደም ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው።

አሠራሩን ስታውቂ ደግሞ ይበልጥ ትወጂዋለሽ። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተርና ፕሮዲውሰሯ ዴብራ ሂል ፊልሙን የሠሩት ከ300 ሺህ ዶላር ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ ነው። ታሪኩ እዚያ አገር ቅጠል በሚረግፍበት በጥቅምት መጨረሻ የሚሆን ነው፤ የቀረጹት ግን ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ በሆነበት በጸደይ፣ ያውም ካሊፎርኒያ ውስጥ። የረገፈ ቅጠል ከየት ይምጣ? ቅጠል ቀለም እየቀቡ በተኑ፤ ቀረጻው ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ቦታ አስቀመጡ። ያ ዓለም ያወቀው ጭንብልም ከሱቅ በርካሽ የተገዛ፣ «ስታር ትሬክ» ላይ ያለው የካፒቴን ከርክ ጭንብል ነበር። የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ነጭ ቀቡት፣ በቃ። ካርፔንተር ፊልሙን ገና ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ አሳይቷት ምንም አልፈራችም። ከዚያ ራሱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃውን ሠራ። ያቺ የማታቋርጥ፣ በአምስት ምት የምትሄድ የፒያኖ ዜማ አባቱ በልጅነቱ ካስተማረው ምት የተወሰደች ናት። እሷን ስሰማ እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይወረኛል።

አንቺ «ደም ትወዳላችሁ» ትይኝ ነበር። ደሙን ለሚወዱትም ቢሆን የሚማርካቸው የእጅ ሥራው ነው። በ1980 በወጣው «ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ» ላይ፣ ገና ወጣት የነበረው ተዋናይ ኬቨን ቤከን አልጋ ላይ ተጋድሞ ሳለ ቀስት ከስር አንገቱን ይበሳዋል። አንገቱና ደረቱ የውሸት ነበሩ፤ እሱ ራሱ ከአልጋው ስር ነበር፣ ጭንቅላቱን ብቻ በቀዳዳ አውጥቶ። ያንን የሠራው የሜካፕ ባለሙያው ቶም ሳቪኒ ነው። ቀረጻው መሃል ላይ ደሙን የሚገፋው ቱቦ ከፓምፑ ተነቀለ። ረዳቱ ቱቦውን ይዞ በአፉ ነፋበት፤ ደሙም እንደዚያ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። አፍቃሪዎች ይህን ሲያወሩ ብትሰሚ ስለ ግድያ የሚያወሩ አይመስልሽም። ስለ ሙያ ነው የሚያወሩት።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የያዘኝ የልጅቷ ነገር ነው። ሁሉም ሲያልቁ አንዲት ልጅ ትተርፋለች። ካሮል ክሎቨር የተባለች ምሁር ስለ እሷ በሰፊው ጽፋለች፤ «የመጨረሻዋ ልጅ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እሷ ናት። የምትለው ነገር ልቤን ነክቶታል። አዳራሹን የሞሉት በብዛት ወጣት ወንዶች ቢሆኑም፣ ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም የሚጨነቀው ለልጅቷ ነው። የእሷን ፍርሃት ነው የሚፈሩት።

ለምን እሷ ተረፈች? ልብ ስላለች ነው። ሎሪን እያት። ሌሎቹ ሲስቁና ሲዘናጉ፣ የገዳዩን መኪና ከትምህርት ክፍሏ መስኮት ያየች እሷ ናት። ከቁጥቋጦው ጎን የቆመውን ሰው ያየች እሷ ናት። ቁም ሳጥን ውስጥ ተሸሽጋ በሩ ሲሰበርባት፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ አጣምማ ዓይኑን ትወጋዋለች። እኛም ወንበራችን ላይ ሆነን የምንሠራው ያንኑ ነው፤ ጥጉን እናያለን። ከእሷ ጋር የሚያስተሳስረን ይኸው ነው።

ሎሪን የሠራችው ጄሚ ሊ ከርቲስ ያኔ 19 ዓመቷ ነበር። እናቷ ጃኔት ሊ በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ላይ ሻወር ውስጥ የተገደለችዋ ናት። የእናት ሞት እንደዚያ ታወቀ፣ የልጅ መትረፍ እንደዚህ ታወቀ። ከርቲስ በ2018 ሎሪን ሆና ስትመለስ ፀጉሯ ሸብቶ፣ በሩን ሁሉ ቆልፋ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሲጠብቃት የኖረውን ፍርሃት ይዛ ነው። አብረዋት ያረጁ ተመልካቾች ነበሩ። እነሱ ያዩት ገዳዩን አይመስለኝም።

ሁሉንም አልከላከልልሽም። በተለይ በ80ዎቹ ከተከታታዮቹ ብዙዎቹ ልብስ ማስወለቅና ማረድ ብቻ ሆኑ። ሃያሲዎቹ ሲስክልና ኢበርት ገና በ1980 በቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው ተቆጥተውባቸዋል፤ በብዙዎቹ ላይ እውነት አላቸው። ልጅቷን ሰው ሳያደርግ የሚገድላት ፊልም ያናድደኛል፣ አልጨርሰውም።

ግን አብሮ መፍራት የሚባል ነገር አለ። ጨለማ ውስጥ የማታውቂው ሰው «አትግቢ!» ብሎ ይጮሃል። ሌላው «ተነሺ፣ አልሞተም እኮ!» ይላል። ሁሉም እኩል ይደነግጣል፣ ወዲያው ሁሉም ይስቃል። ሲወጡ ትከሻቸው ቀልሎ ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት፣ የአስፈሪ ፊልም አፍቃሪዎች በኮቪድ ወረርሽኝ የመጀመሪያ ወራት ከሌላው ሰው ያነሰ ጭንቀት እንደታየባቸው ይናገራል። እኔ አልገረመኝም። ፍርሃትን በፈለግሽው ሰዓት ጠርተሽ፣ በፈለግሽው ሰዓት ማጥፋት ስትለምጂ የሆነ ነገር ይቀርልሻል።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። አንድ ምሽት ምረጪ፣ ሁለታችንም በየቤታችን እኩል ሰዓት ላይ እንክፈተው፣ ስልኩም ይከፈት። በ«ሃሎዊን» እንጀምር። እሱን ከቻልሽው በ1974 ካናዳ ውስጥ የተሠራውን «ብላክ ክሪስማስ» እናያለን፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው አስፈሪ ስልክ ከየት እንደሚደወል ግን አስቀድሜ አልነግርሽም። ካልወደድሽው ለምን እንዳልወደድሽው ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ መከራከር ናፍቆኛል። ስለ ራስሽም ጻፊልኝ። ሥራው እንዴት ነው? አሁንም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይልሻል?

ቀኑን አሳውቂኝ።

ናፋቂሽ ጓደኛሽ